ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣ በረዶው ተልባ ነበር

ለክቡር አቶ ሰይፈ ሥላሴ
የላስታ የበረዶ ገና ፕሮፌሽናል ሊግ መሥራች፣ ፕሬዚዳንት፣ የይግባኝ ኮሚቴ ሰብሳቢና የኮን ዋልታ ድቦች የበላይ ጠባቂ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የእህቴ ልጅ ደሳለ በልደት ዕለት ገና እንዳይጫወት የጣሉበትን እገዳ እንዲያነሱልን በትሕትና ስለ መጠየቅ፣ እግረ መንገዴንም ስለ ማመስገን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ክርንዎስ? አገጭዎን ለይቼ የምጠይቅበት ምክንያት ወደ በኋላ ስለሚገለጽ እዚህ አላብራራውም፤ ብቻ እግዚአብሔር ይማርልን፣ በዓሉንም በደኅና ያድርስዎ። እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ። አንድ ንዴት ብቻ አለብኝ፤ እሱም ቢሆን የያዘኝ በጾም ሰሞን ስለሆነ ሥጋ አላገኘምና ብዙ አልወፈረም።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ምሥጋናው እባላለሁ፤ የላሊበላ ታች ሰፈር የገና ቡድን አለቃ ነኝ። ለዚህ ማዕረግ የመረጠኝ ጉባኤ የለም። ከእኔ በፊት የነበሩት አለቃ ጉልበታቸው ሲደክም ዱላቸውን አቀበሉኝና ሄደው ጥላው ሥር ተቀመጡ፤ ምርጫው ይኸው ነበር። የእኛ ጨዋታ እንደሚያውቁት (የላይ ሰፈር ልጅ ነዎትና ያውቁታል) በልደት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ጾም ፈተን፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የምንገናኝበት ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሚና ለይተን (በሁለት ወገን ተከፍለን)፣ ገና በምንለው ቆልማማ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየለጋን አንዱ የሌላውን ወሰን ለማሳለፍ እንራኮታለን። ዳኛ የለንም፣ ማኅተም የለንም፣ ፕሬዚዳንትም የለንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ የተሸነፈውም እየሳቀ ይሰማል። ባላባት ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ የወረዳ ሹም ቢሆን በዚያች ቀን ከስድብ የሚያመልጥ የለም፤ አባቶቻችንም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ለዚሁ ነው።

እንዲህ ባለ ኋላ ቀር ሁኔታ ስንኖር ነው እንግዲህ እርስዎ የደረሱልን። በመስከረም ወር ሁላችንንም በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰብስበው፣ ፈረንጆች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሲራኮቱ የሚያሳይ ፊልም በግድግዳው ላይ ካሳዩን በኋላ፣ እጅዎን ወደ ፊልሙ ዘርግተው፣ «ይህ እኮ የኛው ገና ነው፤ የጎደለን በረዶ ብቻ ነው!» ብለው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ። የሚጎድለን ብዙ ነገር ነው ብዬ ስጨነቅ ለኖርኩ ሰው፣ የጎደለን በረዶ ብቻ መሆኑን መስማት ትልቅ ዕረፍት ነበር።

በዚያው ቀን ከነባሩ ጨዋታችን ጋር የሚፎካከር ፕሮፌሽናል ሊግ መመሥረቱን አበሠሩን፤ ጎበዞቻችንንም ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም አስፈርመው «የላሊበላ የበረዶ ነብሮች» አሏቸው። ከዋድላ «የኮን ዋልታ ድቦች» መጡ፤ ከደላንታ «የወገል ጤና ፔንግዊኖች» መጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ለዕድገት ጠላት አይጠፋም። የውድድር ዘመኑ ያለፈው ቅዳሜ ስለተጠናቀቀ፣ ምስጋናዬን በየተራ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ በረዶው አመሰግናለሁ። የመክፈቻው ጨዋታ ከአሸተን ማርያም በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ በሚያወጣው ደጋ ላይ እንዲሆን መወሰንዎ አርቆ አሳቢነት ነበር፤ በኅዳር ወር እዚያ የሚወርደው ውርጭ የበግ ጆሮ ያደነዝዛልና። ከዋዜማው በአህያ የተጋዘው ውሃ ሜዳው ላይ ፈሶ አደረ፤ ሲነጋም በእውነት ረግቶ፣ እንደ መስታወት ሆኖ ተገኘ። ተጫዋቾቹ ተሰለፉ። እኔ ራሴ ከተመልካቹ መካከል ቆሜ፣ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ፣ «በቃ፣ ሰውየው እውነቱን ነው» ብያለሁ። ከዚያ እርስዎ የመክፈቻ ንግግር ለማድረግ ተነሡ። ንግግሩ የስፖርትን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የዳሰሰ፣ ለወጣቱ ምክር የለገሰ፣ ለሚመለከታቸው አካላት ሁሉ አንድ በአንድ ምስጋና ያቀረበ ነበር። ሲጀምሩ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ነበረች፤ ሲጨርሱ አናታችን ላይ ነበረች። እኛ በትዕግሥት ሰማንዎ፤ በረዶው ግን ያን ያህል አልጠናም፣ ገና መሀሉ ላይ ሳሉ ቀልጦ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። በዚያን ቀን የተጫወቱት ሁለት አህዮች ብቻ ናቸው፤ ጭቃው ውስጥ ተንከባለሉ።

፪ኛ. ስለ ተልባው ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ተስፋ ቆርጦ ሊጉን ይዘጋ ነበር። እርስዎ ግን ከቁርስዎ ላይ መፍትሔ ያገኙ ሰው ነዎት። የተዘፈዘፈ ተልባ ከጣትዎ ሲያሟልጭ አይተው፣ ሜዳውን ወደ ከተማው አውርደው፣ በታች ሰፈር አውድማ ላይ የላስቲክ ሸራ አስነጥፈው፣ በላዩ ላይ የተዘፈዘፈ ተልባ በጀሪካን አስደፉበት። ገብሱን ለመውቃት ተራ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ስለ አውድማው ቢያጉረመርምም፣ «አገር ስታድግ ገብስ ይታገሣል» የሚለው መልስዎ አፉን አስይዞታል።

ያዳልጥ እንደሆነ ያዳልጣል፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ስላዳለጠ፣ ሦስቱም ቡድኖች በጨዋታው ጊዜ ሁሉ ቆመው ከታዩበት ይልቅ ወድቀው የታዩበት ይበዛል። ከአሸተን ማርያም በማለዳ የሚወርዱ አንድ አባት በዚያ ሲያልፉ ጎረምሶቹ አንዴ ሲወድቁ አንዴ ሲነሡ ተመልክተው፣ ስግደት መስሏቸው፣ «ልጆቼ፣ የበረታችሁ! ጾሙን እንዲህ ነው መያዝ» ብለው ባርከው አልፈዋል። ሊጉ ያገኘው ከሁሉ የላቀ ዕውቅና እሱ ይመስለኛል።

ብቻ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። እናቶቻችን በቅዳሜ ገበያ ተልባ ሲፈልጉ፣ ነጋዴዎቹ «በሊጉ ታዝዟል» እያሉ መለሷቸው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ሲባል ሰምተን አድገናል፤ በአንድ ሊግ ያልቃል ያለን ግን አልነበረም። የሰፈሩ ዶሮዎችም የተልባውን ነገር እንደሰሙ በየጨዋታው ሰዓታቸውን አክብረው እየመጡ ሜዳውን ይለቅሙት ጀመር። እናንተም «የተመልካች ቁጥር በእጥፍ ጨምሯል» ብላችሁ አስነገራችሁ። በሪፖርታችሁ ውስጥ ዶሮዎቹ በየትኛው መደብ እንደተቆጠሩ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

፫ኛ. ስለ ጫማው። ብረት ቀጥቃጩ አብዱልከሪም ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ስለት እየቀጠቀጠ በበረባሶ ጫማ ሥር እንዲያስርላችሁ አዘዛችሁት። አብዱልከሪም ጨዋ ሰው ነው፤ «ወላሂ ጌታው፣ ይሄ ነገር ላስቲኩን ይቀደዋል» ብሎ ነግሯችሁ ነበር። ከወገል ጤና ፔንግዊኖች ጋር በተደረገው ጨዋታ ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ተተልትሎ፣ ተልባው ሁሉ ወደ አውድማው አፈር ሰርጎ፣ ተጫዋቾቹ እስከ ቁርጭምጭሚት ተጣብቀው ቀሩ። በማግስቱ ስለቱ ቀርቶ ለሁሉም ካልሲ ታደለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፕሮፌሽናል የሚለውን ቃል ትርጉም አላውቀውም ነበር፤ ለካስ ካልሲ የሚሰጠው ማለት ኖሯል።

፬ኛ. ስለ ጎታው። ያጠፋ ተጫዋች በረዶው ዳር ባለ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ እንዲቀጣ የሊጉ ሕግ ስለሚያዝ፣ ሳጥን ስላልነበረም፣ የባለቤቴን የሰርካለምን የእህል ጎታ በትብብር ስም ወስዳችሁ ሜዳው ዳር ተከላችሁት። መጀመሪያ የገባበት የላሊበላው በረኛ ሙሉሃብት ነው። ሙሉሃብት እንደ ስሙ የሞላ ሰው ነው። ገባ፤ ቅጣቱም አለቀ፤ መውጣት ግን አልሆነለትም። የጎታው አፍ ትከሻውን አላሳልፍ ብሎ አራት ሰው ሲጎትተው፣ የላሊበላ ግብ ያለ በረኛ ቀርቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከኮን ዋልታ ድቦች መካከል እስከ ግቡ ድረስ ቆሞ መሄድ የቻለ አልተገኘም። በመጨረሻ ሙሉሃብትን ለማውጣት ጎታው በመጥረቢያ ተሰበረ። ሰርካለም ዕለቱኑ ከእኔ ጋር መነጋገር አቁማለች። እኔ አልሰበርኩትም ብላት፣ «ታዲያ አጨብጭበህ የለ?» ያለችኝ የመጨረሻ ቃሏ ነው። ለዚህ ሊጉ መልስ ካለው ቢያውሰኝ።

፭ኛ. የኮን ልጆች ዋልታ ድብ ይጾም እንደሆነ ጠይቀውኛል። እኔ አላውቅም። የበላይ ጠባቂያቸው እንደመሆንዎ ቢነግሯቸው፤ ተጨንቀዋል።

፮ኛ. ስለ ፍጻሜው ጨዋታ አመሰግናለሁ። የአገጭዎ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በመላው የውድድር ዘመን አንድም ግብ አልተቆጠረም ነበር። ቆሞ የሚለጋ ሳይኖር ማን ያግባ? ላሊበላና ወገል ጤና ለፍጻሜው የደረሱትም በዕጣ እንደሆነ ይታወቃል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ እርስዎ ጥቁር ሙሉ ልብስዎን በክራባት ለብሰው ለዋንጫው ንግግር ሲዘጋጁ፣ ዳኛው ፊሽካውን እንዲነፋ በእጅዎ ምልክት ሰጡት። አልነፋም። ሁለተኛ ሰጡት፤ አልነፋም። ከዚያ ትዕግሥትዎ አልቆ፣ ተጫዋቹ ሁሉ በካልሲ የገባበትን ሜዳ በሚያብለጨልጭ የቆዳ ጫማ ረገጡት።

የሆነውን ሁላችንም አይተነዋል፤ ቢሆንም ለታሪክ እንዲቀመጥ እጽፈዋለሁ። በሦስተኛው እርምጃ በሆድዎ ወደቁ። ከወደቁ በኋላ ግን አልቆሙም። ንግግርዎን በእጅዎ እንደያዙ፣ በአገጭዎ ተልባውን እየገመሱ፣ ዶሮዎቹን ለሁለት ከፍለው፣ መሀል ሜዳ ላይ የነበረችውን ሩር በግንባርዎ እየገፉ፣ ሁለት ፔንግዊኖችን ጥለው፣ ከነሩሯ ከወገል ጤና ግብ ውስጥ ገቡ። ያኔ ዳኛው ነፋ። «ግብ!» አለ። ምስኪን፣ የውድድር ዘመኑን ሙሉ ይህን ቃል ለመናገር ሲጠብቅ ኖሯል፤ አልፈርድበትም።

ወገል ጤናዎች ይግባኝ አሉ። የይግባኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ስለሆኑ፣ አገጭዎን በመሐረብ እንደያዙ ጉዳዩን በገለልተኝነት መርምረው ግቡን አጸደቁት። በዚህም ላሊበላ ሻምፒዮን ሆነች፤ እርስዎም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኑ፤ ለኮከብ ግብ አግቢ የተዘጋጀውም በግ ከእርስዎ ጋር ወደ ቤትዎ ሄደ። በጉ ራሱ ግራ ተጋብቶ ነበር፤ እኛ ግን ከልባችን ተደስተንልዎታል።

፯ኛ. እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና አንድ ጊዜ ሳልቀልድ ልጻፍ።

ደሳለ የእህቴ ልጅ ነው። እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን እያወጣ የሚኖር፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ደግሞ በላስታ የሚደርስበት የሌለ ልጅ ነው። ቅዳሜ ዕለት የላሊበላ ነብሮች ተጫዋች ነበር፤ ድሉም የራሱ ድል ነበር። እና ያሸነፈ ልጅ በእኛ አገር ምን ያደርጋል? ይገጥማል። ደሳለም ዱላውን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

ገናው ምን ያደርጋል፣ ሩሩስ ምን ያደርጋል፣
ሰይፌ ራሱ መጥቶ በሆዱ ያገባል።

አውድማው በሳቅ ተናወጠ። ፔንግዊኖቹ ሳቁ፣ ዋልታ ድቦቹ ሳቁ፣ ዳኛው ፊሽካውን ሊውጠው ነበር። ሰርካለም እንኳ ሳቀች፤ ጎታዋ ከተሰበረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። በአሮጌው ሜዳ ቢሆን ኖሮ እርስዎም ይስቁ ነበር፤ ቢያንስ የሳቁ ይመስሉ ነበር፤ አባትዎም አያትዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን በማግስቱ ደብዳቤ ላኩ። ደሳለ «የሊጉን ክብር የሚነካ ግጥም» በማሰማቱ ለሦስት ዓመት በየትኛውም ሜዳ፣ በማናቸውም በዓል ገና እንዳይጨብጥ፤ ከእሱ ጋር የተጫወተ ማንኛውም የሊጉ ተጫዋችም አብሮት እንዲታገድ አዘዙ። በየትኛውም ሜዳ ማለት የእኛንም ሜዳ ማለት ነው፤ በማናቸውም በዓል ማለትም ልደትን ማለት ነው። የሁለቱም ሰፈር ጎበዝ ሁሉ የእርስዎ ፈራሚ ስለሆነ፣ ደሳለ ከገባ የሚገባ የለም።

ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ዱላውን ከአልጋ ሥር አስገብቶታል። በቅሎዋን ሲጭን ያንጎራጉር ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ጭኖ ዝም ብሎ ይሄዳል። የሚያሳፍር ነገር የሠራ መስሎታል። ዱላውን ከወይራ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፣ ስድቡንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዱላው እዚያ ተጋድሞ ሳየው ያመኛል፤ ይህን ስጽፍልዎ አሽሙሩ ሁሉ ይጠፋኛል።

ቁጥሩን እዚህ አቆማለሁ፤ ቀጥሎ የምነግርዎ ቅሬታ አይደለም፣ ዜና ነው።

እገዳው እንደተሰማ የላይ ሰፈር አለቃ አቶ ታፈረ ወደ ቤቴ መጡ። እኔና አቶ ታፈረ በልደት ካልሆነ ብዙ አንነጋገርም፤ በልደትም የምንነጋገረው ስድብ ነው። ደሳለ ለብዙ ዓመት ላይ ሰፈርን ሲያሸንፍና ሲሰድብ ስለኖረ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሏቸው የመጡ መስሎኝ ነበር። ከበራፍ ሳይገቡ ቆመው፣ «ምሥጋናው፣ ደሳለ ካልገባ እኛም አንገባም» አሉኝ። ለምን ብላቸው፣ «ያለ እሱ አሸንፈን ማንን ሰደብን ልንል ነው? ደግሞስ ባለፈው ዓመት እኔን በበግ ቆዳ የመሰለበትን ግጥም እስካሁን አልመለስኩለትም፤ ልጁን አግዶ ብድሬን ማን ሊያስቀርብኝ ነው!» አሉ። ተቆጥተው ነበር። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ተቀመጥን፤ ሰርካለምም የጾም ሹሮ አቀረበችልን፤ ለእኔም አንድ ሁለት ቃል ተናገረችኝ። ለሁሉም እርስዎን አመሰግናለሁ፤ ላይ ሰፈርንና ታች ሰፈርን ለማስማማት ሽማግሌ ቢላክ አይሳካም ነበር፤ የእርስዎ አንድ ደብዳቤ አሳክታዋለች።

በበነጋው ሁለታችንም ጎበዞቻችንን ሰበሰብን፤ ምክሩም ረጅም አልነበረም። ሙሉሃብት ተነሥቶ፣ «እሱን አግዶ እኛን ሊተወን ነው እንዴ? ሁላችንም አብረን እንታገድ» አለ፤ ከዚህ የተሻለ የተናገረ አልተገኘም። እንግዲህ በልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ ደሳለ ሜዳ ይገባል። ከጎኑ ታች ሰፈር በሙሉ ይገባል፤ ከፊቱ ላይ ሰፈር በሙሉ ይሰለፋል። የኮን ልጆች ለንግሡ በእግራቸው እየመጡ ነው፤ ከቅዳሴው በኋላ ሚና ስጡን ብለዋል። ፔንግዊኖቹም ከወገል ጤና ተነሥተዋል፤ ይግባኛቸውን በሜዳው ላይ በዱላ ለማየት ይፈልጋሉ። መመሪያዎ የማይሻር ከሆነም በእጅዎ ያለው ሥራ ቀላል ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ከደሳለ ጋር የተጫወቱትን ሁሉ ያግዱ። ያን ጊዜ በሊጉ ውስጥ የሚቀረው ተጫዋች አንድ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ኮከብ ግብ አግቢው ስለሆነ የሚቸገሩ አይመስለኝም።

እገዳውን ካነሡ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ይምጡ። ይህን የምለው በአሽሙር አይደለም። በላይ ሰፈር በኩል ቦታ አለዎት፤ የአያትዎ ቦታ ነው፣ እስካሁን ማንም አልቆመበትም። ሣር ላይ ነው የምንጫወተው፤ ቢወድቁ ሩቅ አይሄዱም። ይሰደባሉ፣ ይሳደባሉ፣ ሲመሽ ደግሞ አንድ ማዕድ ላይ ጠላ እንጠጣለን፤ ደሳለም አንድ ቃል ሳያስቀር ያገኙትን ቢሰድቡት ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማዎታል። እኛ ጋር ክብር እንዲህ ነው የሚገኘው፤ የተሰደበ ሰው የእኛ ሰው ነው።

አገጭዎን እግዚአብሔር ይማርልን። ሊጉን ከፍ ያድርግልን፤ በጣም ከፍ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ፣ ተልባችን የማይደርስበት ስፍራ። ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ዱላዬን በብብቴ ይዤ፣ መልስዎን በታላቅ ጉጉት የምጠባበቅ፣

የክቡርነትዎ ትሑት ተፎካካሪ
ምሥጋናው
የታች ሰፈር የገና አለቃ
(ማኅተም ስለሌለን በዱላዬ ጫፍ ወረቀቱን ነክቼዋለሁ)

ማሳሰቢያ፦ እናትዎ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የደሳለን እገዳ ሰምተው ትናንት በዘንጋቸው እየተመረኮዙ ከላይ ሰፈር ወርደው ቤቴ መጥተው ነበር። ግጥሙን አስደግመው ሰሙት፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያ «የዚህ ልጅ ግጥም አጥሯል» ብለው ከራሳቸው ይህን ጨመሩበት፦

ያኔም በሆድህ ነው፣ ዛሬም በሆድህ ነው፣
በክራባት መዳህ ከየት የመጣ ነው?

በልደት ዕለት ሜዳው ላይ ቆመው ራሳቸው ሊሉት ወስነዋል። የሊጉን ክብር የሚነካ ግጥም ስለሆነ እገዳ እንደሚጣልባቸው ነግረናቸዋል፤ «ያምጣው፣ ራሱ ያምጣው» ብለዋል። የእገዳውን ደብዳቤ ለእሳቸው ለማድረስ የሚደፍር የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ካለዎት ስሙን አስቀድመው ይላኩልን፤ ዘንጋቸው እንደ እኛ ዱላ ቆልማማ አይደለም፣ ቀጥ ያለ ነው።